የድሮ መኪና ካርቡራቶር እንደ ፋብሪካው መልክ ሲታደስ



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ትንሽ የብረት ዕቃ ነው። ዕቃው ካርቡራቶር ይባላል። መጠኑ በሁለት መዳፍ ይያዛል። ነገር ግን በድሮ ጊዜ የተሠራ የቤንዚን መኪና ያለ እርሱ አንድ ስንዝር አይራመድም። ይህ ዕቃ ሲያረጅና ሲቆሽሽ እንዴት ታጥቦ፣ እንዴት ታድሶ ከፋብሪካ የወጣበትን መልክ እንደሚይዝ እንነግራችኋለን።

«እኛ ገበሬዎች ነን፤ የመኪና ዕቃ ምን ያደርግልናል?» የሚል ሰው ከመካከላችሁ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። በቦርከና ዳር በመስኖ ሽንኩርት የሚያለማ ሰው የቤንዚን ውሃ መሳቢያ ሞተር ካለው፣ እስቲ የአየር ማጣሪያውን ፈትቶ ከኋላው ይመልከት። እዚያ ያለችው ትንሽ ዕቃ ካርቡራቶር ናት። በደሴና በኮምቦልቻ መንገድ ላይ ሰው ከሚያመላልሱት ባጃጆችና ሞተር ሳይክሎችም ብዙዎቹ ይህ ዕቃ አላቸው። የመኪናውን ያወቀ የፓምፑንም ያውቃል። ልዩነቱ የመኪናው ተለቅ ማለቱ ነው።

ለመሆኑ ካርቡራቶር ምን ይሠራል?

ቤንዚን አየር ሳያገኝ አይነድም። ይህን ከምድጃችሁ ታውቁታላችሁ። አፉ የተደፈነ ምድጃ ይጨሳል እንጂ አይነድም። ካርቡራቶር ቤንዚኑን እንደ ጉም በትኖ ከአየር ጋር ይቀላቅለዋል። ልኩ ለ1 ኪሎ ቤንዚን ወደ 15 ኪሎ አየር ነው። አየር በኪሎ ይመዘናል ወይ? አዎን፣ ይመዘናል። ቀላል ስለሆነ ግን ብዙ ቦታ ይይዛል። 1 ሊትር ቤንዚን አሟልቶ ለማቃጠል፣ ከባሕር ጠረፍ ባለ ቆላ አገር ወደ 9,000 ሊትር አየር ይፈልጋል። በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ብንሰፍረው 450 ጀሪካን ይሆናል። አንድ ሊትር ቤንዚን 450 ጀሪካን አየር ይበላል ማለት ነው።

አቀላቀሉ እንዲህ ነው። አየሩ በካርቡራቶሩ መካከል ባለ ጠባብ አንገት ያልፋል። ወንዝ በጠባብ ገደል ሲያልፍ እንደሚፈጥን ሁሉ አየሩም በዚያ ይፈጥናል። ሲፈጥን ግፊቱ ይቀንስና ከጎኑ ካለው ጎድጓዳ ቤንዚን ስቦ ያወጣል። በጎድጓዳው ውስጥ እንደ ቡሽ የሚንሳፈፍ ዕቃ አለ። ቤንዚኑ ሲሞላ ተንሳፋፊው ከፍ ይልና በሩን ይዘጋል፤ ሲጎድል ዝቅ ይልና ይከፍታል። ቤንዚኑ ወደ አንገቱ የሚሄደው ግን በአንዲት የነሐስ ብሎን መካከል በተበሳች ቀጭን ቀዳዳ ነው። ይህችን ባለ ቀዳዳ ብሎን ልብ በሉልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ቤንዚንን በቀጭን ቀዳዳ የሚረጨውን ካርቡራቶር ጀርመናዊው ቪልሄልም ማይባኽ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1893 ዓ.ም. ሠራ። በዚያው ዓመት ዶናት ባንኪና ያኖስ ቾንካ የተባሉ የሀንጋሪ ሰዎችም የራሳቸውን አስመዝግበዋል። ወደ እኛ አገር መኪና የገባው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ መኪና እየነዳ አዲስ አበባ ደረሰና ዐፄ ምኒልክ አዩት፤ ተሳፈሩበትም። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አገራችንን ሲወር በደሴ በኩል አድርጎ መንገድ ሠራ፤ መኪናም በብዛት አስገባ። በአምስተኛው ዓመት ጣሊያን ተባረረ፤ የጋራዥ ቃላቱ ግን ቀሩ። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ጎማ የምንለው ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ካርቡራቶር የሚለውም አጠራር እንደዚሁ።

ከነዚያ ከድሮዎቹ መኪኖች መካከል ዛሬም ድረስ በከተማችን አልፎ አልፎ የምትታየው ቮልስዋገን ናት። ቮልስ እንላታለን። ጀርባዋ እንደ ኤሊ ክብ ነው። ሞተሯ ከፊት ሳይሆን ከኋላ ነው። በውሃ ሳይሆን በአየር ይቀዘቅዛል። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። የመጨረሻዋ በሜክሲኮ አገር በሐምሌ ወር 1995 ዓ.ም. ከፋብሪካ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ ይህች ዓይነት መኪና አትሠራም።

ለእኛ ለወሎ ሰዎች ደግሞ ቮልስ ሌላ ነገር ታስታውሰናለች። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው ረኃብ ስንቱን እንደጨረሰ ከእናንተ ከአባቶች በላይ የሚናገር የለም። ረኃቡ መደበቁ ሲታወቅ አገር ተቆጣ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወረዱ። ያን ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የወጡት በሮልስ ሮይስ ወይም በሌላ የክብር መኪናቸው አልነበረም። በቮልስዋገን ተጭነው ነው የሄዱት። ያን ዘመን ያየ ሽማግሌ ቮልስ ስታልፍ ቆም ብሎ የሚመለከታት ያለ ምክንያት አይደለም። እንዲህ ያለች መኪና ዕቃ ብቻ አይደለችም፤ የዘመን ምስክር ናት። ምስክር ደግሞ መልኩ ሲለወጥ ምስክርነቱ ይጠፋል።

ሌላም ምክንያት አለ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ ያሉትን በደንብ መያዝ ግድ ሆነ። የካርቡራቶር ሥራ የሚያውቁ አሮጌ መካኒኮችም እያነሱ ነው። አዳዲሶቹ መኪኖች ካርቡራቶር የላቸውም፤ ቤንዚኑ በኤሌክትሪክ እየታዘዘ ይረጫል።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። ማደስና ማስጌጥ ይለያያሉ። የንጉሥ ሚካኤልን አይጠየፍ አዳራሽ የሚያድስ ሰው ግድግዳውን በመታጠቢያ ቤት ሸክላ አይለብጠውም። ድንጋዩን በድንጋይ፣ እንጨቱን በእንጨት ይተካል። ካርቡራቶርም እንዲሁ ነው። ፋብሪካው ያደረገውን እንመልሳለን፤ ፋብሪካው ያላደረገውን አንጨምርም።

አንድ አዛውንት ቮልሳቸውን ወደ እኛ ይዘው መጡ። ከኮምቦልቻ ተነሥተው ሐረጎን ሲወጡ ሞተሩ ሦስት ጊዜ ጠፍቶባቸዋል። ጭሱም ጥቁር ነው። ቤንዚኑንም ትጠጣለች አሉን። የኋላውን ክዳን ከፈትን። ካርቡራቶሩ እንደ ሠርግ ዕቃ ያብረቀርቃል።

«ጋሼ፣ ይህን ማን ቀባው?» አልናቸው።

«ጋራዥ ሰጥቼ አስቀባሁት። አዲስ እንዲመስል ብዬ ነው። ምነው፣ አላማረም?»

የቀባውን ጋራዥ ስም ማንሣት አያስፈልግም፤ እንዲህ የሚያደርግ ብዙ ነው። ካርቡራቶሩን ፈታነው። የብር ቀለሙ በውጭ ብቻ ሳይሆን በጎድጓዳው ከንፈር ላይም ተረጭቷል። ተራ ቀለም ከቤንዚን ጋር አይስማማም። ቤንዚን ሲነካው ይለሰልሳል፣ ያብጣል፣ ከዚያም እንደ ዓሣ ቅርፊት እየተቀረፈ ይወድቃል። ቅርፊቱ ወደ ጎድጓዳው ገብቶ በባለ ቀዳዳዋ ብሎን አፍ ላይ ተቀምጧል። መኪናዋ ሜዳ ላይ ስትሄድ የሚደርሳት ጥቂት ቤንዚን ይበቃታል። ሐረጎ ላይ ግን ሞተሩ ብዙ ሲጠይቅ ቀዳዳዋ ተደፍናለች፤ ስለዚህ ይጠፋል።

ጥቁር ጭሱስ? የእርሱ ምክንያት ሌላ ነው። ባለ ቀዳዳዋን ብሎን አውጥተን በብርሃን አየናት። ጭንቅላቷ ላይ 125 የሚል ቁጥር ተቀርጿል። የቁጥሩ ትርጉም ይህ ነው፦ የቀዳዳዋ ስፋት ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ 125 እጅ ነው፤ ይኸውም 1.25 ሚሊ ሜትር። ሚሊ ሜትር ማለት በማስመሪያ ላይ ያለችው ትንሿ ክፍል ናት። እኛ 1.3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመብሻ ብረት በእጃችን ብንሰካ ሰተት ብሎ ገባ። 125 ለተባለ ቀዳዳ ይህ ሊሆን አይችልም። አንድ ሰው ቀዳዳዋ ስትደፈን በሽቦ ጎርጉሯታል ማለት ነው። ነሐስ ለስላሳ ነው፤ በብረት ሽቦ ሲጎረጎር ይበላል። ከ1.25 ወደ 1.3 ሚሊ ሜትር መስፋቱ ከቁጥር የማይገባ ይመስላል። ነገር ግን የቀዳዳው ስፋት በሁለቱም አቅጣጫ ስለሚያድግ የሚያሳልፈው ቤንዚን ከመቶ 8 እጅ ያህል ይጨምራል። ጥቁሩ ጭስ ሳይቃጠል የሚወጣው የእኒያ አዛውንት ገንዘብ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ቁጥሩን ማንበብ የማይችል ሰው ይህን ስርቆት አያውቀውም። ቁጥሩን አንብቦ ቀዳዳውን የማይለካም አያውቀውም። ብሎኗ 125 ትላለች፤ ቀዳዳዋ ግን 130 ነው። ከላይ የተጻፈውና ከውስጥ ያለው አልተገጣጠሙም። ካርቡራቶሩም ከላይ ብር ነው፤ ከውስጥ ቅርፊት ነው። አሮጌ መኪና የምትገዙ ከሆነ፣ የሚያብረቀርቅ ካርቡራቶር ስታዩ ደስ አይበላችሁ፤ ይልቅ ክፈቱት በሉ።

አሁን አሠራሩን በዝርዝር እንንገራችሁ።

መጀመሪያ ቦታ ይመረጣል። ሥራው ከቤት ውጭ፣ ነፋስ ባለበት ይሁን። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል። እንደ ጭስ ወደ ላይ አይወጣም፤ መሬት ለመሬት እየተሳበ ከሩቅ ያለ ከሰል ያገኛል። ቡና የሚፈላበት፣ ሲጋራ የሚጨስበት ቦታ ካርቡራቶር አይፈታም። ቤንዚን በጎማ ቱቦ በአፍ መሳብም ይቅር። ይህ በሾፌሮችም በፓምፕ ባለቤቶችም ዘንድ የተለመደ ነው። ትንታ ይዞት ወደ ሳንባ የገባ ቤንዚን ሰው ይገድላል። ደግሞም ከሰሐራ በታች ባሉት የአፍሪካ አገሮች እርሳስ ያለበት ቤንዚን እስከ 1998 ዓ.ም. ድረስ ይሸጥ ነበር። በአሮጌ ካርቡራቶር ውስጥ የደረቀው እድፍ የዚያ ዘመን ሊሆን ይችላል። እርሳስ መርዝ ነው፤ በተለይ ሕፃናትን ይጎዳል። ስለዚህ ባለ ቀዳዳውን ብሎን በአፍ መንፋት፣ በጥርስ መያዝ አይገባም። ከሥራ በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ ከዚያ በኋላ እንጀራ ይቆረሳል።

ሁለተኛ፣ ከመፍታት በፊት ይጻፋል። ወረቀትና እርሳስ አቅርቡ። የትኛው ዘንግ በየት በኩል እንደተሰካ፣ የትኛው ስፕሪንግ በየትኛው ቀዳዳ እንደተንጠለጠለ በሥዕልም በጽሑፍም ይያዝ። ስልክ ያለው ፎቶ ያንሣ። ብሎኖቹን በየክብሪት ቤቱ ክተቱና በላዩ ላይ ጻፉ፦ «የላይ ክዳን፣ 5 ብሎን»፤ «ዋናው ባለ ቀዳዳ፣ 125»። በካርቡራቶሩ አካል ላይ የሠሪው ስምና ቁጥር በላቲን ፊደል ጎልቶ ተቀርጿል። በቮልስ ላይ ሶሌክስ ይላል። ሶሌክስ የፈረንሳይ ድርጅት ነበር። በአንዳንድ ካርቡራቶሮች ላይ ደግሞ በአንድ ብሎን ሥር የተያዘች ቀጭን የቆርቆሮ ምልክት አለች። ብዙ ሰው ዋጋ የላትም ብሎ ይጥላታል። እርሷ የካርቡራቶሩ የልደት ወረቀት ናት፤ ታጥባ ወደ ቦታዋ ትመለስ።

ሦስተኛው እጥበት ነው። ሥራው የሚበላሸውም የሚያምረውም እዚህ ላይ ነውና ረጋ ብለን እንየው።

የቮልስ ካርቡራቶር አካል ብረት አይደለም። ዚንክ የበዛበት ቅልቅል ማዕድን ቀልጦ በቅርጽ የተጣለ ነው። ዚንክን ታውቁታላችሁ። የቤታችሁን ጣራ ቆርቆሮ ከዝገት የሚጠብቀው፣ በላዩ የተቀባው ስስ ሽፋን ዚንክ ነው። ዚንክ ሁለት ጠላቶች አሉት። አንዱ ኮምጣጣ ነገር ነው፤ ሎሚና ኮምጣጤ ይበሉታል። ሁለተኛው አመድ ነው፤ የአመድ ውሃና ኮስቲክ ሶዳም ይበሉታል። ቤት ውስጥ የመዳብ ዕቃ በሎሚ፣ ድስት በአመድ ይወለወላል። ለዚያ ጥሩ ነው። ለካርቡራቶር ግን ሁለቱም አይሆኑም። መጀመሪያ የጸዳ ይመስላል፤ ኋላ ይጠቁራል፣ ይቦረቦራል።

ታዲያ በምን ይታጠባል? ቅባቱ በነጭ ጋዝና በለስላሳ ብሩሽ ይለቀቃል። ከዚያ ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ይታጠባል፤ ብዙ ጊዜ ሳይዘፈዘፍ በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል። የደረቀው ቡናማ ሙጫ አሮጌ ቤንዚን የተወው ነው። ቤንዚን ለወራት ሲቀመጥ ቀላሉ ይተንና ከባዱ እንደ ግራር ሙጫ ይጣበቃል። ይህን የሚያሟሟ የካርቡራቶር ማጠቢያ በጣሳ ይሸጣል። ላስቲክና ፕላስቲክ የሆነው ነገር ግን አስቀድሞ ይወጣል፤ ማጠቢያው ይጎዳዋልና። ቀጭን ቀዳዳዎች በሽቦ አይነኩም። ጎሚስታ ቤት ወስዶ በኮምፕሬሰር አየር ማስነፋት ይበቃል። ሲነፋ ዓይንን መጠበቅ ነው። ካልወጣ መልሶ መዘፍዘፍ፣ መልሶ ማስነፋት። ትዕግሥት ዋጋ አያስከፍልም፤ ሽቦ ግን ያስከፍላል።

በሽቦ ብሩሽ መፈተግም፣ በአሸዋ ማስመታትም አይገባም። አሸዋው ፋብሪካው የተወውን ልስላሴ ያጠፋል፤ ፍንጣሪውም በውስጥ መተላለፊያዎች ይቀራል። ከፋብሪካ የወጣ የሶሌክስ አካል እንደ መስተዋት አያበራም። መልኩ ዳለቻ ነው፤ እንደ ዳለቻ በሬ። በጎኑ ሁለቱ የቅርጹ ግማሾች የተገናኙበት ቀጭን መስመር ይታያል። አንዳንድ ሰው ይህን መስመር ጉድለት መስሎት በሞረድ ይልገዋል። ጉድለት አይደለም። ፋብሪካው ያልሞረደውን አትሞርዱ።

እኒያ አዛውንት ካርቡራቶራቸው ቀለሙ ተልጦ፣ ታጥቦ ሲያዩት ፊታቸው ጠቆረ።

«ብሩ የታለ? ይኸ እኮ አመድ መሰለ» አሉ።

«ጋሼ፣ አብሽሩ፤ ከጀርመን ሲመጣም ብር አልነበረም» አልናቸው።

ቁጥሮቹ ከቀለሙ ሥር ወጥተው ይነበቡ ነበር። መነጽራቸውን አውጥተው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡና ዝም አሉ።

ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር በጎድጓዳው ውስጥ ከታየ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከታች ይቀመጥና ዚንኩን ይበላዋል። ይህ በፓምፕ ላይ በጣም ይበዛል። ጀሪካኑ ክዳኑ ላልቶ ክረምት ካደረ ውሃ ይገባዋል። የመስኖው ወራት አልቆ ፓምፑ ሲቀመጥ የቤንዚኑን ቧንቧ ዝጉና ሞተሩ በራሱ እስኪጠፋ ይሥራ። ከዚያ ከካርቡራቶሩ ሥር ያለችውን ማፍሰሻ ብሎን ፈትታችሁ የቀረችውን አፍስሱ። በዓመቱ ሲነሣ ሙጫም ነጭ ዱቄትም አያስቸግራችሁም።

አራተኛ፣ ዘንጎቹና መቆጣጠሪያዎቹ። እነዚህ እውነተኛ ብረት ናቸው፤ ስለዚህ ይዝጋሉ። ፋብሪካው እንዳይዝጉ በዚንክ ወይም ካድሚየም በሚባል ማዕድን ለብጧቸዋል። አንዳንዶቹ ነጣ ያሉ፣ አንዳንዶቹ ወርቅማ ቢጫ የሆኑት ለዚህ ነው። ሽፋኑ ካለ በዘይት በራሰ ጨርቅ ብቻ ይወልወል። በአሸዋ ወረቀት ማሸት ሽፋኑን ያነሣዋል፤ ሽፋኑ የተነሣ ብረት ደግሞ ቆርቆሮው እንደተላጠ ጣራ ነው። የካድሚየም አቧራ ወደ ሳንባ ሲገባ መርዝ መሆኑም አይረሳ። ሽፋኑ ጨርሶ ካለቀ፣ ዕቃውን ዚንክ ባለበት ውሃ ውስጥ አንጠልጥሎ በኤሌክትሪክ ኃይል እንደገና ማስለበጥ ይቻላል። ይህ የባለሙያ ሥራ ነው። ወርቅማውን ቀለም የሚያመጣው ኬሚካልም አደገኛ ነው፤ እቤት አይሞከርም። ማስለበጥ ያልቻለ ሰው ዝገቱን በዘይት አለስልሶ ያጽዳና ስስ ዘይት ይቀባው። በብር ቀለም ከሚሸፈን ያረጀ መስሎ ቢታይ ይሻላል።

ብሎኖቹም ቢሆኑ መልክ አላቸው። የድሮዎቹ ጭንቅላታቸው ላይ አንድ ስንጥቅ ነው ያለው። በልኩ ባልሆነ ካቻቢቴ የተፈታ ብሎን አፉ ይበላሻል። ስለዚህ ስንጥቁን ሞልቶ የሚይዝ ካቻቢቴ መምረጥ ነው። የተበላሸውን ብሎን በመስቀለኛ ብሎን መተካት መኪናውን አያቆመውም፤ ነገር ግን የሚያውቅ ሰው ከሩቅ ይለየዋል።

ከመግጠም በፊት ሁለት ነገር ይመረመራል። አንደኛው ተንሳፋፊው ነው። በጆሮ አጠገብ ነቅንቁት። ውስጡ የሚንቦጫረቅ ድምፅ ካለ ቤንዚን ገብቶበታል። የነሐሱን ተንሳፋፊ ሙቅ ውሃ ውስጥ ብትነክሩት ቀዳዳው ያለበት ቦታ አረፋ ያወጣል። ሁለተኛው ከታች በኩል አየሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው፣ ቢራቢሮ የመሰለው ክዳን ያለበት ዘንግ ነው። ዘንጉን ይዛችሁ ወደ ጎን ነቅንቁት። ከተንገዳገደ ቤቱ ተበልቷል፤ በዚያ በኩል ያልተፈለገ አየር ይገባል። ካርቡራቶሩ የቱንም ያህል ቢያምር እንዲህ ሆኖ በደንብ አይሠራም። ቶርኖ ቤት ተወስዶ ቤቱ ይሰፋና የነሐስ ቀለበት ይገባበታል። የተሸጠ አሮጌ ካርቡራቶር ብዙ ጊዜ የሚደብቀው ይህን ነው፤ ብር ቀለሙ ይህን አያድነውም።

ሲገጠም ጓርኒሲዮኑ አዲስ ይሁን። ጓርኒሲዮን በሁለቱ ብረቶች መካከል የሚገባው፣ ቤንዚንና አየር እንዳያልፍ የሚከለክለው ወረቀት ነው። አሮጌውን በማስቲካና በሙጫ ማጣበቅ አያዋጣም፤ ሙጫው በቤንዚን ይሟሟና ወደ ቀዳዳው ይሄዳል። ብሎኖቹ በአንድ ወገን ብቻ አይጠብቁም። አንዱን ከዚህ፣ አንዱን ከፊት ለፊቱ፣ ጥቂት በጥቂት ይጠበቃሉ። የኮርቻ ጠፍር በሁለቱም ወገን እኩል እንደሚጠብቅ ማለት ነው።

የቀረው ማስተካከል ነው። እዚህ ላይ አገራችን የራሱ ጠባይ አለው። ፋብሪካው ካርቡራቶሩን ያሰናዳው ለቆላ ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። ለ1 ሊትር ቤንዚን 9,000 ሊትር አየር ይበቃ የነበረው በደሴ ከ11,000 ሊትር በላይ ያስፈልጋል። ሞተሩ ግን በአንድ ጉርሻ የሚስበው የአየር ስፋት ያው ነው። ስለዚህ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ለእኒያ አዛውንት የተጎረጎረችውን ብሎን አውጥተን ከ125 ዝቅ ያለ ቁጥር ያላት ሌላ ገጠምንላቸው። አሮጌዋን በክብሪት ቤት ከተን «125፤ ተጎርጉሯል» ብለን ጽፈን ሰጠናቸው። ይህን ማድረግ ከፋብሪካው መልክ መራቅ አይደለም። ብሎኗ ያቺው የነሐስ ብሎን ናት፤ የተለወጠው በጭንቅላቷ ላይ ያለው ቁጥር ነው፤ ቁጥሩም እውነቱን ይናገራል።

ሞተሩ ሥራ ፈትቶ ሲዞር ድብልቁን የምታስተካክለው ትንሽ ብሎን መጀመሪያ በቀስታ እስከ ጫፏ ትገባለች። አትጨቆንም፤ ከተጨቆነች ሹል አፍንጫዋ ይጎዳል። ከዚያ ወደ አንድ ተኩል ዙር ትመለሳለች። ሞተሩ ተነሥቶ ከሞቀ በኋላ ድምፁ እየተሰማ ጥቂት ወደ ውስጥ፣ ጥቂት ወደ ውጭ ትዞራለች። ሞተሩ ሳይንዘፈዘፍ እኩል ሲያጉረመርም እዚያው ይተዋታል።

ደሴ ላይ የተስተካከለ ሞተር 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደርስ ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ ይላል። አየሩ ይወፍራል፤ ድብልቁም ጥቂት ይሳሳል። በሁለቱ ከተሞች መካከል የሚመላለስ ሰው ማስተካከሉን በደሴም በኮምቦልቻም ሞክሮ መካከለኛውን ይያዝ። በየትኛው ዙር ላይ እንደተወው ደግሞ ከመኪናው ደብተር ላይ ከነቀኑ ይጻፈው።